ጸደቀ፣ አጸደቀ፤ ክርስቲያኖች ስለ እምነትና ስለ ሥራ የሚያደርጉትን ሙግት እኛ እንዴት አነበብነው?

 

ከጥቂት ዓመታት በፊት በንጽጽራዊ ሃይማኖት ፈተና ላይ፣ መዳንን በሚመለከት በክርስትናና በእስልምና መካከል ያለውን ልዩነት እንዲያብራሩ ደረሶቼን ጠይቄ ነበር። ከመልሶቹ አንዱ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያለቀ ነበር፦ ክርስቲያኖች በእምነት ብቻ እንድናለን ይላሉ፤ እኛ ሙስሊሞች ግን በሥራችን ጀነት እንገባለን። ቀዩን ብዕር እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። ስህተት ነው ብዬ እንዳልሰርዘው፣ ከሞላ ጎደል እኔው ያስተማርኩት ቃል ነው። ልክ ነው ብዬ እንዳላልፈው ደግሞ፣ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አብዛኞቹን የዓለም ክርስቲያኖች አይገልጽም፤ ሁለተኛው ይብስና ማንም ሰው በሥራው ብቻ ጀነት እንደማይገባ፣ እርሳቸውም እንኳ የአላህ እዝነት ካልሸፈናቸው በቀር እንደማይገቡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከተናገሩት፣ ቡኻሪና ሙስሊም ከዘገቡት ሐዲሥ ጋር ፊት ለፊት ይላተማል። ሌላውን ለመንቀፍ ስንል የገዛ ዐቂዳችንን አጣምመን ለልጅ አስተምረናል ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ መፈለግ ግድ ነበር። ብዙዎቻችን በዚህ ጉዳይ ላይ የምንመለስበት ኪታብ የሸይኽ ራሕመቱላህ አልሂንዲ «ኢዝሃሩል ሐቅ» ነው። ሸይኹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደዚያው ናቸው) በ1854 በሕንድ አግራ ከተማ ከጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ፕፋንደር ጋር ተከራክረው፣ በኋላም ኪታቡን በዐረብኛ ጽፈው በ1864 ኢስታንቡል ላይ አሳተሙት። በዚያ ውስጥ ማርቲን ሉተር የያዕቆብን መልእክት ማቃለሉ ተጠቅሷል። የሸይኹ ዓላማ ግልጽ ነው፦ ክርስቲያኖች በመጻሕፍቶቻቸው ዝርዝር ላይ ራሳቸው እንደማይስማሙ ማሳየት። ለዚያ ዓላማ ማስረጃው በቂ ነው። ነገር ግን ስለ ሉተር የቀረቡት ጥቅሶች ብዙዎቹ የተቀዱት ካቶሊኮች በፕሮቴስታንቶች ላይ ከጻፏቸው የክርክር መጻሕፍት ነው። እኛ ተከታዮቹ የመጻሕፍትን ዝርዝር የሚመለከተውን ማስረጃ አንሥተን መዳንን ለሚመለከት ክስ አዋልነው፤ በዚህም ካቶሊኩ ለወንድሙ የሳለውን ቢላ ሳናውቅ ተዋስን። የተዋሰውን መሣሪያ ስለት ሳይመረምር የሚዘምት ሰው ምን እንደሚደርስበት አንባቢ ያውቃል።

ሉተርን ከራሱ ጽሑፍ ስናነበው የምናገኘው ሌላ ሰው ነው። በአውግስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ፣ በዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ይህ ሰው የተማረው፣ ገብርኤል ቢል የተባለው ጀርመናዊ የነገረ መለኮት ሊቅ ባስፋፋው ትምህርት ነበር። በዚያ ትምህርት ሰው ከራሱ የሚችለውን ካደረገ እግዚአብሔር ጸጋውን አይነፍገውም። ሐሳቡ ሲሰሙት ለስላሳ ነው። የሚጸልይ፣ የሚጾም፣ ኃጢአቱን ደጋግሞ የሚናዘዝ መነኩሴ ግን አንድ ጥያቄ ይይዘዋል፦ የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁን? መቼ ነው በቂ የሚሆነው? በእኛ ዘንድ ውዱኡን ሰባትና ስምንት ጊዜ የሚደግም፣ ተክቢረቱል ኢሕራሙን እየያዘ የሚፈታ ወስዋሳም ሰው ያየ ኢማም ይህን ጭንቀት ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። በዚህ ላይ የሥርየት ደብዳቤ ንግድ ተጨመረ። የሮሜው ፓፓ ክሌመንስ 6ኛ በ1343 ባወጡት ድንጋጌ መሠረት፣ የክርስቶስና የቅዱሳን ትሩፋት በቤተ ክርስቲያን እጅ እንዳለ መዝገብ ይቆጠር ነበር፤ ከዚያም መዝገብ ለምእመናን ይታደላል። በ1517 ይህ ዕደላ በሮም ለሚሠራው የቅዱስ ጴጥሮስ ሕንፃ ገንዘብ መሰብሰቢያ ሆኖ በጀርመን ምድር በስብከት ሲሸጥ ነው ሉተር ድምፁን ያሰማው።

እንግዲህ «በእምነት ብቻ» የሚለው መፈክር መጀመሪያ የተነሣው «ሥራ አያስፈልግም» ለማለት አልነበረም። ሥራ እንደ ገንዘብ ተቆጥሮ ከአምላክ ጋር መገበያያ መሆኑን ለመቃወም ነበር። ሉተር መልካም ሥራን ይከለክላል የሚለው ክስ በዘመኑም ስለተሰነዘረበት፣ በ1520 ስለ መልካም ሥራዎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ ዐሥርቱን ትእዛዛት ተራ በተራ አብራራ። ዛፉ መልካም ሲሆን ፍሬው መልካም ይሆናል እንጂ ፍሬ ተንጠልጥሎበት ዛፍ መልካም አይሆንም የሚል ነው የክርክሩ አጥንት። ከመካከላችን ሰዎች የሚደጋግሟት፣ ኃጢአትን በድፍረት ስለመሥራት የምትናገረው ቃል ከ1521 ደብዳቤ የተወሰደች ናት፤ ሉተር ለባልንጀራው ለሜላንክቶን የጻፈላትን አውድ ቆርጠን ፈትዋ አደረግናት። ያው ሰው ዮሐንስ አግሪኮላ ሕግ ለክርስቲያን አይሰበክም ባለ ጊዜ በ1539 በእርሱና በተከታዮቹ ላይ ጽፎባቸዋል።

ይህ ማለት ግን ሉተር ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በ1522 አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ፣ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 3 ቁጥር 28 ላይ በግሪኩ የሌለ «ብቻ» የሚል ቃል ጨመረ። ሲወቀስም በ1530 ስለ ትርጉም በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ የጀርመንኛ ጠባይ ያስገድዳል ብሎ ተከላከለ። በአዲስ ኪዳን ሁሉ «በእምነት ብቻ» የሚሉ ቃላት አንድ ላይ የሚገኙት በያዕቆብ 2፥24 ሲሆን፣ እዚያም ያሉት «አይደለም» ተብለው ነው። ሉተር ይህችን መልእክት በዚያው በ1522 መቅድሙ ከገለባ ያመሳሰላት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ንጽጽሩ ከኋለኞቹ እትሞች ቢወጣም። ትርጉም በሚል ሽፋን ቃል መጨመርን የሚነቅፍ ሙስሊም እዚህ ላይ መናገር መብቱ ነው፤ እኔም እናገራለሁ።

ይሁን እንጂ ጳውሎስና ያዕቆብ የተጋጩበት ስፍራ ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅም ነው፤ የተጋጩት በአባታችን በኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ላይ ነውና። ሁለቱም ከኦሪት ዘፍጥረት ያችኑ አንዲት ቃል (15፥6) ይጠቅሳሉ፤ አብርሃም አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት። ጳውሎስ ይህ የሆነው ከግዝረት በፊት ነው ብሎ የሥርዐት ሥራን ከመንገዱ ያነሣል። ያዕቆብ ደግሞ ልጁን ለመሠዋት ባቀረበ ጊዜ እምነቱ ተፈጸመ ይላል። አንድ ሰው፣ አንድ ጥቅስ፣ ሁለት መደምደሚያ። ቁርኣን በዚህ ሙግት ውስጥ የትኛውንም ወገን ሳይዝ ያልፋል። በአልበቀራ 131 ጌታው ታዘዝ ሲለው ታዘዝኩ አለ፤ በአስሷፍፋት 103 አባትና ልጅ ሁለቱም ታዘዙ፤ በሁለቱም ስፍራ ግሱ «አስለመ» ነው። ልቡ ያመነበት ቅጽበትና እጁ ቢላ የያዘበት ቅጽበት በአንድ ቃል ተጠሩ። በአንነጅም 37 ደግሞ የሞላ፣ የፈጸመ ተብሎ ተመሰገነ። እምነትና ሥራን ለያይቶ ከዚያ መልሶ ለመስፋት የሚደክም ሰው፣ መጀመሪያ ባይቀደው ኖሮ ባልደከመ ነበር።

ነገር ግን እኛም ቀደናል። እዚህ ላይ ራሳችንን ካልተመለከትን ሒሳችን ፍትሕ ይጎድለዋል። ከሉተር ሞት በኋላ ተከታዮቹ እርስ በርሳቸው ተከራከሩ። ጌዮርግ ማዮር መልካም ሥራ ለመዳን ግድ ነው አለ፤ ኒኮላውስ ፎን አምስዶርፍ በ1559 መልካም ሥራ ለመዳን ጎጂ ነው እስከማለት ደረሰ። በ1577 የተዘጋጀው የስምምነት ሰነዳቸው ሁለቱንም አባባሎች ውድቅ አድርጎ፣ ሥራ ግዴታ ነው፣ ዳሩ ግን የመዳን ዋጋ አይደለም በሚል መሐል ቆመ። የፊርቃዎችን ታሪክ የተማረ ደረሳ ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል። ከባድ ወንጀል የሠራውን ከሃይማኖት ያወጡት ኸዋሪጆች፣ በሁለት ደረጃዎች መካከል አቁመው ካልተጸጸተ እሳት ውስጥ ዘላለም ይኖራል ያሉት ሙዕተዚሎች፣ ከኢማን ጋር ወንጀል አይጎዳም ያሉት ጽንፈኛ ሙርጂኦች ከዚያ ከ800 ዓመታት በፊት ይህንኑ መንገድ ሄደውበታል። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ሥራን ከኢማን ምንነት ለይተው በመግለጻቸው ብቻ ሙርጂእ ተብለው ተከሰዋል፤ ለዑሥማን አልበቲ በላኩት ደብዳቤም ክሱን መልሰዋል። ሥራን ከኢማን ትርጓሜ መለየት ሥራን መጣል አይደለም ብለን ለኢማማችን የምንጠይቀውን ፍትሕ ለሉተር መንፈግ፣ በአልማኢዳ 8 የሰዎች ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን የታዘዝነውን መዘንጋት ነው።

የካቶሊኩን ወገን ስናይም እንዲሁ ነው። በትሬንት የተሰበሰበው ጉባኤ በጥር 1547 ስለ መጽደቅ ያወጣው ድንጋጌ 16 ምዕራፎችና 33 የውግዘት አንቀጾች አሉት። የመጀመሪያው አንቀጽ የሚያወግዘው ማንን ነው? ሉተርን አይደለም። ሰው ያለ አምላክ ጸጋ በገዛ ሥራው ይጸድቃል የሚለውን ነው፤ በ5ኛው ምዕተ ዓመት አውግስጢኖስ የተከራከረውን የፔላጊዮስን ትምህርት ማለት ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ስለ ዋጋ ሲናገርም፣ አምላክ ለሰው የሰጠው ስጦታ ለሰውየው እንደ ትሩፋት እንዲቆጠር መፍቀዱ ከቸርነቱ መሆኑን ያስረዳል። እንግዲያው «ካቶሊክ በሥራ፣ ፕሮቴስታንት በእምነት» የሚለው ሰንጠረዥ በሁለቱም ዓምድ ስህተት ነው።

ልዩነታቸው ታዲያ የት ነው? እዚህ ላይ አማርኛችን ከብዙ ቋንቋዎች የተሻለ መብራት ይሰጠናል። «ጸደቀ» ስንል ችግኝ ተተክሎ ሥር ሰደደ ማለታችን ነው፤ በክረምት የተተከለው ዛፍ ጸድቋል ወይስ ደርቋል እንላለን። «አጸደቀ» ስንል ደግሞ ምክር ቤት አዋጅን ተቀብሎ ሕጋዊ አደረገ ማለታችን ነው፤ አዋጁ ከመጽደቁ በፊትና በኋላ በውስጡ ያለው ቃል አንድ ነው፣ የተለወጠው የተሰጠው ሥልጣን ነው። የትሬንት ጉባኤ መጽደቅን እንደ ችግኙ ያየዋል፦ ጸጋ በሰውየው ውስጥ ገብቶ ሥር ይሰዳል፣ ያድጋል፣ በሥራ ይጨምራል፣ በከባድ ኃጢአት ይደርቃል። የሉተር ወገን፣ በተለይ ከሜላንክቶን ወዲህ፣ እንደ አዋጁ ያየዋል፦ ኃጢአተኛው ባለበት ሁኔታ ሳለ በክርስቶስ ጽድቅ ምክንያት ጻድቅ ነው ተብሎ ይፈረድለታል፤ ለውጡ ከዚያ በኋላ ይከተላል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጳውሎስንም ያዕቆብንም በዚህ በአንድ ግስ ስለሚተረጉም፣ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ቃል እየተናገሩ ሁለት ነገር ሲያስቡ ይውላሉ።

በዚህ ሥር ላይ ጥቂት ልቆይ። ግእዙ «ጽድቅ» እና ዐረብኛው «ሲድቅ» የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ከዚያው ሥር አሻዒራና ማቱሪዲያ ኢማንን የሚተረጉሙበት «ተስዲቅ» ወጣ፤ ከዚያው «ሰደቃ» ወጣ። የልብ እውነት ማለትና የእጅ መስጠት ከአንድ ሥር ተወለዱ፤ በሙስሊም ዘገባም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰደቃን ማስረጃ ብለው ጠርተውታል። የቃል ሥር የዐቂዳ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ለማስተማሪያነት ግን ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አላገኘሁም።

ወደ ዋጋው ጉዳይ እንምጣ፤ በእምነት ብቻ የሚድን ሰው ሥራው ምን ያደርግለታል? ብዙ ጊዜ ያልተነበበው ክፍል ይህ ነው። ሜላንክቶን በ1531 ባሳተመው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ መከላከያ ላይ መልካም ሥራ ዋጋ እንዳለው በግልጽ ይቀበላል፤ የኃጢአት ይቅርታን አያስገኝም እንጂ በዚህም በወዲያኛውም ዓለም ሌሎች ዋጋዎችን ያስገኛል ይላል። በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 3 ላይም ይህን የሚመስል ምሳሌ አለ፦ በአንድ መሠረት ላይ አንዱ በወርቅ፣ አንዱ በገለባ ይሠራል፤ እሳት ይፈትነዋል፤ የነደደበት ሰው ዋጋውን ያጣል፣ እርሱ ግን ይድናል። መግቢያው በእምነት፣ ደረጃው በሥራ። ካልቪን ይህም ደሞዝ እንዳይመስል ፈርቶ ዋጋው ርስት ነው አለ፤ ልጅ የአባቱን መሬት የሚወርሰው ስላረሰ ሳይሆን ልጅ ስለሆነ ነውና። ሙግቱ በአሜሪካ ወንጌላውያን ዘንድ በ1980ዎቹ እንደገና ተቀጣጠለ። ጆን ማካርተር በ1988 ባወጣው መጽሐፍ ለጌታው የማይታዘዝ እምነት የሚያድን እምነት አይደለም ሲል፣ ዜን ሆጅስ በ1989 መታዘዝ የመዳን ሳይሆን የዋጋ ጉዳይ ነው ብሎ መለሰ። በእኔ ግምት ደረሳዬ በፈተናው ላይ የጻፈው የክርስትና ገጽታ ይህ የሆጅስ ወገን ብቻ ነው፤ እርሱንም በወጉ አልገለጸውም።

አሁን ወደ ገዛ ኪታቦቻችን እንመለስ። ማንም በሥራው ጀነት አይገባም የሚለው ሐዲሥ ሰሒሕ ነው። ትሠሩት በነበራችሁት ምክንያት ጀነትን ግቡ የሚለው የአንነሕል 32 ቃልም የአላህ ንግግር ነው። ዑለማዎች በዚህ ላይ በሰፊው ተነጋግረዋል። ነወዊ በሙስሊም ማብራሪያቸው፣ ሥራ ምክንያት መሆኑን ሳይክዱ ወደ ሥራው መመራትም ሥራው ተቀባይ መሆኑም ከእዝነቱ ነው ብለው አስታረቁ። ኢብን በጣልና ሌሎችም መግባቱ በእዝነት ነው፣ ደረጃው በሥራ ነው አሉ። ኢብን ተይሚያና ተማሪያቸው ኢብኑል ቀይም ደግሞ «ባእ» በምትባለው አንዲት ፊደል ላይ ቆሙ፤ በአያው ውስጥ ያለችው የምክንያት ባእ ናት፤ በሐዲሡ ውስጥ የተከለከለችው የልውጥ ባእ ናት፤ ሥራ ምክንያት ነው፣ ዋጋ ተመጣጣኝ ሆኖ የሚከፈልበት ግዢ ግን አይደለም። ኢብን ረጀብ ይህን ሐዲሥ ብቻ የሚያብራራ ራሱን የቻለ ሪሳላ ጽፈዋል። ለመልካም ሠሪ ምንዳ መስጠት በአላህ ላይ ግዴታ ነው ያሉት ሙዕተዚሎች ናቸው። ስለዚህ «እኛ በሥራችን እንገባለን» ያለው ደረሳ፣ ሳያውቀው የሱና ሊቃውንት የመለሱትን የሙዕተዚላ ቃል በእስልምና ስም ጻፈ፤ የጻፈውም ከእኔ ደብተር ገልብጦ ነው።

የአልአዕራፍ 43 አነጋገር በተለይ ሊጤን ይገባል። የጀነት ሰዎች ይህችን ጀነት ትሠሩት በነበራችሁት ምክንያት ወረሳችኋት ተብለው ይጠራሉ። መውረስና ሥራ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የካልቪን ርስትና የትሬንት ትሩፋት ለብቻ ለብቻ የያዙትን ቁርኣን ሳይጨነቅ በአንድ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ወራሽ ለርስቱ ዋጋ አልከፈለም፣ ዳሩ ግን የሠራው ሥራ ከንቱ አልቀረም። አንዱ መልካም በዐሥር እጥፍ የሚቆጠርበት (አልአንዓም 160) ምንዳም እንዲሁ ስሙ ምንዳ ይሁን እንጂ በየትኛውም ገበያ ደሞዝ አይባልም።

በዚህ ረገድ የቀን ሠራተኞቹን ሁለት ምሳሌዎች ጎን ለጎን ማስተማር ጀምሬያለሁ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የወይን እርሻ ጌታ ከማለዳ ጀምሮ በየሰዓቱ ሠራተኞች ቀጥሮ፣ በማታ ለሁሉም አንድ አንድ ዲናር ይከፍላል፤ ከማለዳ የሠሩት ያጉረመርማሉ። በቡኻሪ ዘገባ ደግሞ የተውራት ሰዎች እስከ እኩለ ቀን ሠርተው አንድ ቂራጥ፣ የኢንጂል ሰዎች እስከ ዐስር ሠርተው አንድ ቂራጥ፣ ይህ ኡመት ከዐስር እስከ መግሪብ ሠርቶ ሁለት ሁለት ቂራጥ ይቀበላል። የመጀመሪያዎቹ ሲያጉረመርሙ ከመብታችሁ ያጎደልኩባችሁ አለን ተብለው ይጠየቃሉ፤ የለም ይላሉ፤ እንግዲያው ይህ ለምሻው የምሰጠው ችሮታዬ ነው ይባላሉ። ሁለቱም ምሳሌ የደሞዝን ቋንቋ የሚያነሣው የደሞዝን ስሌት ለማፍረስ ነው። ልዩነቱ በቡኻሪው ላይ ተጨማሪው የተሰጠው ለእኛ መሆኑ ነው፤ ጥቂት ሠርቶ ብዙ የተቀበለ ሕዝብ በሥራዬ ነው ብሎ ሲመካ መስማት ታዲያ እንዴት ይከብዳል!

እስካሁን ካልኩት ተነሥቶ ልዩነቱ የቃላት ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ተሳስቷል። ልዩነቱ እኛ ባሰመርንበት ቦታ አይደለም እንጂ አለ፤ ጥልቅም ነው። ሉተር፣ ካልቪንና የትሬንት አባቶች በሚለያዩበት ሁሉ ሥር የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፦ ይቅርታ ያለ ክፍያ አይሆንም። የካንተርበሪው አንሴልም በ11ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ አምላክ ስለምን ሰው ሆነ ብሎ ሲጠይቅ የሰጠው መልስ፣ ኃጢአት የአምላክን ክብር የነካ ዕዳ ስለሆነ ካሣ ወይም ቅጣት ግድ ነው የሚል ነው። የተሐድሶ አራማጆቹ ካሣውን ወደ ቅጣት አዙረው ይዘውታል። እንግዲህ ለሰውየው ነፃ የሆነው ጸጋ በላይ በኩል ነፃ አይደለም፤ ሒሳቡ በሌላ ተከፍሏል። የሥርየት ደብዳቤ ሻጩን ከደጅ ያባረረው ሙግት፣ የዕዳውን መዝገብ ራሱን አልቀደደውም። የእኔ ሒስ ይህ ነው፤ በእምነትና በሥራ መካከል በሚደረገው ክርክር የትኛውም ወገን ቢረታ፣ አምላክ ሊምር የሚችለው ተከፍሎት ብቻ ነውን የሚለው ጥያቄ ሳይነካ ይቀራል። በእኛ ዐቂዳ አላህ ወንጀልን ሁሉ ይምራል (አዝዙመር 53)፤ ተሸካሚም የሌላውን ሸክም አይሸከምም (አልአንዓም 164)። የሚምረው የተከፈለው ስለሆነ አይደለም፤ የይቅርታ ባለቤት ስለሆነ ነው።

ክርስቲያን ሊቃውንት በዚህ ላይ መልስ አላቸው፤ ኃጢአት ሳይዳኝ የሚታለፍ ከሆነ ፍትሕ ምን ይሆናል፣ የተበደለውስ ደሃ ወዴት ይጮኻል ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። የሰው ሐቅ በተውበት ብቻ እንደማይወርድ፣ በቂያማ ቀን ከበዳዩ መልካም ሥራ ለተበዳዩ እየተወሰደ እንደሚሰጥ የሚያስተምረውን የኪሳራሙን ሰው ሐዲሥ ያላቀረበ ሙስሊም መላሽ፣ እዝነትን ከፍትሕ የነጠለ መስሎ ይታያል። በሌላም በኩል ለሙት ሥራን መስጠት የሚለው መስአላ አለብን፤ ዱዓና ሰደቃ እንደሚደርስ ስምምነት አለ፣ በቁርኣን ንባብና በሌላው ላይ መዝሀቦቹ ይለያያሉ። ክፍያ ተቀብሎ ኸትም የሚያወርድ ቃሪእ ባለበት አገር ተቀምጠን የ1517ቱን ንግድ ስንነቅፍ፣ ድምፃችንን መጠን ማድረግ ይገባናል።

በእኛ አገር ነገሩ የሰፈር ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት እምነት ከምግባር፣ ከምሥጢራትና ከቅዱሳን ቃል ኪዳን ጋር ተሳስሮ የሚኖር ስለሆነ፣ የ16ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ ጥያቄ በራሱ ቤት አልተወለደም። ወንጌላውያኑ ግን ጥያቄውን ይዘው መጥተዋል፤ መካነ ኢየሱስ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ናት። ፌዴሬሽኑና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በጥቅምት 31 ቀን 1999 በአውግስበርግ ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል፤ ሜቶዲስቶች በ2006፣ የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት በ2017 ተጨምረዋል። የድሮዎቹ ውግዘቶች ዛሬ በመግለጫው እንደተብራራው የሚያስተምረውን አይመለከቱም ተባባሉ። ሉተራኖቹና ካቶሊኮቹ የተውትን ጠብ እኛ በመድረክ ላይ እንደ ትኩስ ዜና ስናነሣው እንገኛለን።

በለቅሶ ቤት አንድ ወንጌላዊ ጎረቤት ሽማግሌአችንን አባባ፣ ዛሬ ማታ ቢሞቱ መዳንዎን እርግጠኛ ነዎት? ብሎ ሲጠይቃቸው ሰምቻለሁ። ሽማግሌው እንደ ሥራዬ ነዋ፣ ልጄ አሉት። ጎረቤቱ በአዘኔታ ዐያቸው፤ የጠበቀው መልስ ነበርና። እርግጠኝነት ራሱ የሙግቱ አካል መሆኑን፣ ሉተር ሲያጸናው የትሬንት ጉባኤ በ9ኛው ምዕራፍ ከንቱ ትምክህት እንዳለው፣ በእኛም ዘንድ «ኢንሻአላህ ሙእሚን ነኝ» ማለት ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ አሻዒራና ማቱሪዲያ መለያየታቸውን ሽማግሌው ሊያውቁ አይጠበቅባቸውም። ኸውፍና ረጃእ፣ ፍርሃትና ተስፋ፣ እንደ ወፍ ሁለት ክንፍ መሆናቸውን ግን ከልጅነታቸው ሰምተዋል። እኛ ኡስታዞቹ ለመድረክ ብለን አንዱን ክንፍ ስናሳጥርባቸው ኖረን፣ በዚያች ሌሊት ከአፋቸው የወጣው ሥራቸው ብቻ ሆነ። ሰባ ዓመት የሰገዱ ሰው የጌታቸውን እዝነት ስም ሳያነሡ መለሱ።

የዚያን ደረሳ ወረቀት ከብዙ ማመንታት በኋላ ግማሽ ማርክ ሰጥቼ መለስኩለት። ከሳምንት በኋላ ቢሮዬ መጥቶ፣ ኡስታዝ፣ የተቀነሰብኝ ከየትኛው ዐረፍተ ነገር ነው? ሲል ጠየቀኝ። ከሁለቱም ነው አልኩት፤ ደብተሬን አውጥቼ እርሱ የገለበጠበትን ገጽ ፊቱ ሰረዝኩት፤ ከዚያም የኢብን ረጀብን ሪሳላ ከፍተን ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርን።